የተሸነፈው ዕጩ የሚቀበለው ቆጠራ

በአሜሪካ የጆርጂያ ግዛት፣ ከአትላንታ ጎን ባለችው ዲካልብ ካውንቲ፣ ሜይ 24 ቀን 2022 የዴሞክራቲክ ፓርቲ ደጋፊዎች ለሁለተኛው ወረዳ የኮሚሽነርነት መቀመጫ ዕጩአቸውን ይመርጡ ነበር (በዚህ ጽሑፍ ዓ.ም. ካልተባለ በቀር ዘመናቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ማሽኖቹ ቆጥረው ሲጨርሱ ሚሼል ሎንግ ስፒርስ የተባለችው ተወዳዳሪ ሦስተኛ ወጣች። ሦስተኛ መውጣት ማለት ከውድድሩ መሰናበት ነበር። ሆኖም ውጤቱ በየጣቢያው ተዘርዝሮ ሲታይ አንድ የማይመስል ነገር ወጣ፤ በብዙ ጣቢያዎች ያገኘችው ድምፅ ዜሮ ነው። ዜሮ ከተመዘገበባቸው ጣቢያዎች አንዱ እሷና ባለቤቷ ራሳቸው ድምፅ የሰጡበት ነበር። ነገሩ ሲጣራ ማሽኑን የጠለፈ ሰው አልተገኘም። ከምርጫው በፊት የወረዳው ወሰን ተቀይሯል፤ አንድ ዕጩም ራሱን ከውድድሩ አግልሏል። ማሽኖቹ ከነዚህ ለውጦች ጋር እንዲስማሙ ሲስተካከሉ ተደራራቢ ስህተት ተሠርቶ ነበር። የካውንቲው ምርጫ አስፈጻሚዎች የታተሙትን የድምፅ ወረቀቶች ከየሳጥኑ አውጥተው ለቀናት በእጅ ቆጠሩ። ሦስተኛ የተባለችው ሴት አንደኛ ሆነች፤ በጁን በተደረገው የመለያ ምርጫም አሸነፈች። ዲካልብ ክላርክስተንን የመሰሉ፣ ብዙ ኢትዮጵያውያን ቤት ያቀኑባቸው ከተሞች ያሉባት ካውንቲ ናት። ጉዳዩ የኛንም ሰዎች ድምፅ የሚነካ ነው።

በኤሌክትሮኒክ ድምፅ አሰጣጥ ላይ የሚነሳው ክርክር ብዙ ጊዜ «ማሽኑ ይጠለፋል ወይስ አይጠለፍም?» በሚለው ጥያቄ ላይ ይቆማል። ይህን ጥያቄ ተራው መራጭ ሊመልሰው አይችልም፤ የኮምፒውተር ባለሙያዎችም በእርግጠኝነት መመለስ ይቸግራቸዋል። የዲካልብ ታሪክ ወደ ሌላና ወደሚጠቅም ጥያቄ ይመራናል። ማሽኑ ቢሳሳት ወይም ቢታለል ማን ያውቃል? የሚያውቀውስ በምን ማስረጃ ነው? ሮን ሪቨስት የተባሉት የኤምአይቲ ሊቅና አብረዋቸው የጻፉት ጆን ዋክ በ2006 ይህንኑ ሐሳብ በመርህ መልክ አስቀምጠውታል። በሶፍትዌሩ ውስጥ ያለ ሳይታወቅ የቀረ ስህተት፣ ሳይታወቅ የሚቀር የውጤት ለውጥ ማምጣት መቻል የለበትም ይላሉ። መርሁ ማሽኑ ፍጹም ይሁን አይልም። የሚጠይቀው ማሽኑ ሲሳሳት እጅ ከፍንጅ የሚይዘው፣ ከማሽኑ ውጭ የሆነ ነገር እንዲኖር ነው። የምርጫ ማስረጃ በዋናነት የሚያስፈልገው ደግሞ ለተሸናፊው ነው። አሸናፊ ውጤቱን እንዲቀበል ማንም ሊያስረዳው አያስፈልግም። ተሸንፎ ወደ ቤቱ የሚሄደው ሰውና ለሱ ድምፅ የሰጡት ጎረቤቶቹ ግን «በእርግጥ ተሸንፈናል» ብለው የሚያምኑበትን ነገር በዓይናቸው ማየት አለባቸው። እኔ የማምነው ይህን ማሳየት የማይችል መሣሪያ፣ ምንም ያህል ፈጣንና ዘመናዊ ቢሆን፣ ለምርጫ እንደማይበቃ ነው።

ወረቀት ባይኖር በዲካልብ ምን ይሆን እንደነበር ለማወቅ መገመት አያስፈልግም፤ በኖቬምበር 2004 በሰሜን ካሮላይና፣ በካርተሬት ካውንቲ ሆኗል። የካውንቲው ማሽኖች ድምፅን በውስጣቸው ብቻ የሚይዙ፣ ወረቀት የማያትሙ ነበሩ። አቅራቢው ድርጅት ማሽኑ ከ10,000 በላይ ድምፅ ይይዛል ብሎ ነበር፤ እዚያ የተተከለው ግን የሚይዘው 3,005 ብቻ ነበር። ማሽኑ ሲሞላ ሥራውን አላቆመም። መራጮች እየገቡ ስክሪኑን ነክተው፣ መርጠናል ብለው ወጡ፤ 4,438 ሰዎች የሰጡት ድምፅ የትም አልተመዘገበም። በዚያው ምርጫ ለግዛቱ የግብርና ኮሚሽነርነት የተወዳደሩት ሁለት ሰዎች በመላው ግዛት የተለያዩት በ2,287 ድምፅ ነበር፤ ስለዚህ የጠፋው ድምፅ አሸናፊውን ሊቀይር ይችል ነበር። ቀጥሎ የመጣው ነገር ለኔ ከጥፋቱም ይብሳል። መሪው ዕጩ ድምፃቸው ከጠፋባቸው ከ1,300 በላይ መራጮች «እኔ የመረጥኩት እሱን ነው» የሚል የመሐላ ቃል አሰባስቦ አቀረበ፤ ውዝግቡ ለወራት ተጎትቶ ያበቃው ተቀናቃኙ በፌብሩዋሪ 2005 ሽንፈቱን ሲቀበል ነው። ዜጎች ማንን እንደመረጡ በፊርማቸው መግለጥ ግድ ሆነባቸው። ድምፅ በምስጢር እንዲሰጥ የተደረገው ማንም እንዳይጠይቃቸው ነበር፤ ማስረጃ ሲጠፋ ምስጢሩም አብሮ ጠፋ። ግዛቱ በዚያው ዓመት ወረቀትን ግዴታ የሚያደርግ ሕግ አወጣ። የጠፉት 4,438 ድምፆች ግን እስከ ዛሬ አልተገኙም።

እንዲህ ዓይነቱ አደጋ በአካባቢ ምርጫ የሚከፋበት ምክንያት አለ። የፕሬዚዳንት ምርጫ ሲሆን ጋዜጠኛው፣ የፓርቲ ጠበቃው፣ የውጭ ታዛቢው ሁሉ ዓይኑን ይጥላል፤ ከምርጫው በፊት የተሠራ የሕዝብ አስተያየት መመዘኛም ስላለ ውጤቱ እጅግ ካፈነገጠ ጥያቄ ይነሳል። ለትምህርት ቤት ቦርድ ወይም ለማዘጋጃ ቤት ምክር ቤት በሚደረግ ውድድር ግን ከዕጩው ቤተሰብ በቀር ውጤቱን በየጣቢያው ዘርዝሮ የሚያይ ሰው ላይኖር ይችላል። ልዩነቱ በጣት የሚቆጠር ድምፅ ነው። ምርጫውን የሚያካሂደው ቢሮ ጥቂት ሠራተኞች ያሉት፣ በጀቱ የሳሳ፣ ማሽኑን ለማስተካከል ሳይቀር የሻጩን ባለሙያ የሚጠብቅ ነው። በኔዘርላንድስ ላንደርድ ትባል በነበረች ትንሽ ማዘጋጃ ቤት በ2006 የተደረገው ምርጫ ይህን ያሳያል። አንድ የምክር ቤት ዕጩ በአንዱ ጣቢያ የድምፅ መስጫ ማሽኑን የሚያንቀሳቅሰው ሠራተኛ እሱ ራሱ ነበር። በዚያ ጣቢያ ከሌሎቹ ጣቢያዎች ጋር ጨርሶ የማይመጣጠን ብዙ ድምፅ አገኘ፤ ጉዳዩም ወደ ዐቃቤ ሕግ ደረሰ። ግን መርማሪ ምን ይመርምር? ማሽኑ ውስጥ ያለው ቁጥር ብቻ ነው፤ ቁጥሩን መቶ ጊዜ ቢያትሙት መቶ ጊዜ ያው ይወጣል። ሰውየው ጥፋተኛ ከሆነ ማሽኑ ማስረጃ አይሰጥም፤ ንጹሕ ከሆነም ስሙን የሚያጠራለት ማስረጃ ከማሽኑ አይገኝም።

እስካሁን ያነሳኋቸው ስህተትና ጥርጣሬ ናቸው፤ የደኅንነቱ ጉዳይ ራሱን የቻለ ነው። በሰሜን ቨርጂኒያ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን በደንብ ሊያውቁት የሚገባ ታሪክ አለ። ዊንቮት የሚባሉ ወረቀት አልባ ማሽኖች ከ2003 ጀምሮ በቨርጂኒያ ካውንቲዎች አገልግለዋል። ገና በዚያው ዓመት በፌርፋክስ ካውንቲ የትምህርት ቤት ቦርድ ምርጫ ላይ ቅሬታ ተነሥቶ አንድ ማሽን ሲሞከር፣ ከአንዲት ዕጩ ከመቶ ድምፅ አንድ ያህሉን ሲቀንስ ታየ። በ2015 የግዛቱ የቴክኖሎጂ መሥሪያ ቤት ማሽኖቹን መረመረ። ማሽኖቹ በዋይፋይ ይገናኛሉ፤ የዋይፋዩ የይለፍ ቃል «ኤ ቢ ሲ ዲ ኢ» ነበር። የደኅንነት ማሻሻያ ከ2004 ወዲህ አልተጫነባቸውም። ከምርጫ ጣቢያው ደጅ መኪና አቁሞ ላፕቶፑን የሚከፍት ሰው ድምፁን ሊቀይር ይችል ነበር፤ ቀይሮ ቢሆን ደግሞ የሚያውቅ አይኖርም። ግዛቱ ወዲያውኑ ፈቃዳቸውን ነጠቀ፤ በሴፕቴምበር 2017 ደግሞ የቀሩትን ወረቀት አልባ ማሽኖች ሁሉ አስወገደ። የዋሽንግተን ዲሲው ሙከራ ከዚህም የባሰ ነበር። የከተማዋ የምርጫ ቦርድ በ2010 ውጭ አገር ላሉ መራጮች በኢንተርኔት ድምፅ መስጫ አዘጋጀና ከምርጫው በፊት የፈለገ ሁሉ እንዲፈትሸው ጋበዘ፤ መጋበዙ ራሱ ሊመሰገን ይገባዋል። የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲው ፕሮፌሰር አሌክስ ሃልደርማንና ተማሪዎቻቸው በ48 ሰዓት ውስጥ ሥርዓቱን ተቆጣጠሩት፤ የተሰጠውን ድምፅ ሁሉ ለመረጡት ስም ቀየሩት፤ ድምፅ ሰጥቶ የጨረሰ ሰው የዩኒቨርሲቲያቸውን መዝሙር እንዲሰማም አደረጉ። ኃላፊዎቹ ነገሩን ለማወቅ ወደ ሁለት የሥራ ቀን ገደማ ፈጀባቸው። እነዚህ ሰዎች መዝሙር ያሰሙት እንዲታወቅባቸው ስለፈለጉ ነው። ለመስረቅ የሚመጣ ግን ዝም ብሎ ይሄዳል።

ስህተቱ ከታወቀ በኋላስ ማን ይጠየቃል? በፔንሲልቬኒያ የኖርዝሃምፕተን ካውንቲ በኖቬምበር 2019 ለአካባቢው ዳኝነት የተወዳደረው አቤ ካሲስ ከ55,000 ያህል ድምፅ 164 ብቻ አገኘ ተባለ። ማሽኖቹ አዲስ የተገዙ ነበሩ፤ ደግነቱ ወረቀት ያትማሉ። ሌሊቱን ወረቀቱ ተቆጥሮ ካሲስ በአንድ ሺህ ድምፅ ገደማ ማሸነፉ ታወቀ። ማሽኖቹ በትክክል አለመስተካከላቸውን አምራቹ አመነ፤ ካውንቲውም በማሽኖቹ መጠቀሙን ቀጠለ። በ2023 በዚያው ካውንቲ፣ በዚያው ዓይነት ማሽን ላይ ሌላ ነገር መጣ። መራጮች ሁለት የይግባኝ ዳኞች በሥራቸው ይቀጥሉ እንደሆነ ለእያንዳንዳቸው «አዎ» ወይም «አይ» እንዲሉ ተጠይቀው ነበር። በስክሪኑ ላይ ለአንዱ አዎ፣ ለሌላው አይ ያለ ሰው ወረቀቱ ሲታተም መልሶቹ ተለዋውጠው አገኛቸው። አምራቹ የሰው ስህተት ነው አለ፤ ከምርጫው በፊት የሚደረገው ፍተሻም ስህተቱን አልያዘውም። ይህን የያዙት ወረቀታቸውን ያነበቡ መራጮች ናቸው። በዚህ መሐል የተጠያቂነቱ ሰንሰለት የት እንደሚላላ ልብ ይበሉ። ካውንቲው ማሽኑን የሠራው ድርጅት ነው ይላል፤ ድርጅቱ የሠራተኛ ስህተት ነው ይላል፤ ማሽኑን ፈትሾ ፈቃድ የሰጠው የግዛቱ መሥሪያ ቤት ደግሞ ማሽኑ ፈተናውን አልፎ ነበር ይላል። የሶፍትዌሩ ጽሑፍ የድርጅቱ የንግድ ምስጢር ስለሆነ መራጩ ልየው ቢል አይፈቀድለትም። በወረቀት ቆጠራ የጣቢያው ኃላፊ ቃለ ጉባኤው ላይ ይፈርማል፤ ጥያቄ ሲነሳ የሚጠራ ስም አለ። በማሽኑ ዘመን ፊርማው በብዙ መሥሪያ ቤቶች ተበትኖ የማንም ሳይሆን ይቀራል። እኔን ከጠለፋው ይልቅ የሚያሳስበኝ ይህ ነው፤ ጠለፋ ምናልባት አይደርስ ይሆናል፣ ኃላፊነት መሸሽ ግን በተደጋጋሚ የታየ ነው።

በአውሮፓ ማሽኑ ቢሳሳት ማን ያውቃል የሚለው ጥያቄ የአንድ ኩባንያ ማሽኖች በሦስት አገሮች በገጠማቸው ዕጣ ታይቷል። ኔዳፕ የተባለው የደች ድርጅት ማሽኖች በኔዘርላንድስ ለዓመታት ሲሠራባቸው ኖሮ፣ በኦክቶበር 2006 በሮፕ ኾንግራይፕ የሚመራ የዜጎች ቡድን የማሽኑ ቺፕ በደቂቃዎች ውስጥ ተለውጦ ውጤት ሊያዛባ እንደሚችል በቴሌቪዥን አሳየ። ነገሩ ተራ ኮምፒውተር መሆኑን ለማሳመንም ማሽኑ ቼዝ እንዲጫወት አደረጉት። አገሪቱ በ2008 ወደ ወረቀት ተመለሰች። አየርላንድ ወደ 7,500 የሚጠጉ ማሽኖችን ከ50 ሚሊዮን ዩሮ በላይ አውጥታ ገዝታ በጁን 2004 የአካባቢና የአውሮፓ ምርጫ ልትጠቀምባቸው ነበር። የተቋቋመው ገለልተኛ ኮሚሽን ግን በቂ ፍተሻ ስላልተደረገ ትክክለኛነታቸውንና የድምፅን ምስጢር ስለመጠበቃቸው ማረጋገጫ መስጠት አልችልም አለ። ማሽኖቹ መጋዘን ገብተው ለዓመታት ኪራይ ሲከፈልባቸው ቆዩና በ2012 በ70,000 ዩሮ ገደማ ለቁርጥራጭ ብረት ተሸጡ። በጀርመን በ2005 የፓርላማ ምርጫ ሁለት ሚሊዮን ያህል ሰው በእነዚሁ ማሽኖች ድምፅ ሰጥቶ ነበር። አንድ አባትና ልጅ አቤት ብለው የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤቱ ማርች 3 ቀን 2009 በሰጠው ፍርድ አጠቃቀሙ ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል አለ። የፍርዱ ምክንያት ነው ትልቁ ነገር። ፍርድ ቤቱ ማሽኖቹ ተጭበርብረዋል አላለም፤ ማስረጃም አልቀረበለትም። ያለው ምርጫ የሕዝብ አደባባይ ሥራ ስለሆነ ዋና ዋናዎቹን የድምፅ አሰጣጥና የቆጠራ እርምጃዎች ማንኛውም ዜጋ፣ የተለየ የቴክኒክ ዕውቀት ሳያስፈልገው፣ አይቶ ማረጋገጥ መቻል አለበት ነው። የባለሙያ ምስክርነት የዜጋውን ዓይን አይተካም ማለት ነው።

ይህ የሀብታም አገሮች ቅንጦት የሚመስለው ካለ ናሚቢያን ይመልከት። ናሚቢያ በ2014 በአፍሪካ የመጀመሪያዋ ሆና ብሔራዊ ምርጫዋን ከሕንድ በገዛቻቸው ማሽኖች አካሄደች። በዚያው ዓመት የወጣው የምርጫ ሕግ ማሽኖቹ በወረቀት ማረጋገጫ እንዲታገዙ ያዝዝ ነበር። ሚኒስትሩ ግን ሕጉን ሥራ ላይ ሲያውሉ ስለ ወረቀት የሚናገሩትን ንዑስ አንቀጾች ለብቻቸው አስቀሩ፤ ምክር ቤቱ ማሽኑን የፈቀደው ከነጥበቃው ሆኖ ሳለ ማሽኑ ገባ፣ ጥበቃው ቀረ። በዚህ መልክ ሁለት ብሔራዊ ምርጫዎች ተደረጉ። የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በፌብሩዋሪ 2020 ይህ አሠራር ከሕገ መንግሥቱ ጋር ይጋጫል ብሎ ወሰነ፤ የ2019ኙን የፕሬዚዳንት ምርጫ ውጤት ግን አልሻረም። በኖቬምበር 2020 የተካሄደው የክልልና የአካባቢ ምርጫ በወረቀት ሆነ።

አሁን ወደ ተቃውሞዎቹ ልምጣ። በጣም የተለመደው «ገንዘባችንን በስልክ እናንቀሳቅሳለን፣ ባንኩን አምነን ድምፃችንን ለምን በማሽን አንሰጥም?» የሚለው ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱ ደግሞ እዚሁ አገራችን ውስጥ አለ። በመጋቢት 2016 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሥርዓት ላይ ችግር ተፈጥሮ ደንበኞች በሒሳባቸው የሌለ ገንዘብ በአንድ ሌሊት ሲያወጡና ሲያስተላልፉ አደሩ፤ የተንቀሳቀሰው ከ800 ሚሊዮን ብር በላይ ነበር። ባንኩ አብዛኛውን ገንዘብ ያስመለሰው እያንዳንዱ ብር ከማን ሒሳብ ወጥቶ ወዴት እንደሄደ በስም ስለሚያውቅ ነው፤ ያልመለሱትንም ስምና ፎቶግራፋቸውን ለጥፎ ጠይቋል። የባንክ ደኅንነት የቆመው እንግዲህ በስምና በደረሰኝ ላይ ነው፤ ስህተት ከተሠራ ወደ ኋላ ሄዶ ማረም ይቻላል። ድምፅ ግን በምስጢር የሚሰጥ ስለሆነ ሆን ተብሎ ከስም ተለያይቷል። ማን ምን እንደመረጠ የሚመዘግብ ማሽን ቢሠራ ቆጠራው ይረጋገጣል፣ ነገር ግን አለቃህ ወይም ሹሙ ማንን እንደመረጥክ ያውቃል። የማይመዘግብ ከሆነ ደግሞ ስህተቱን ተከትሎ የሚያርም የለም። ይህን እንቆቅልሽ እስካሁን በተራ ሰው ሊረዳ በሚችል መንገድ የፈታው መራጩ ራሱ አይቶት፣ ስሙን ሳይጽፍበት፣ ሳጥን ውስጥ የሚጥለው ወረቀት ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከኛ አገር አንባቢ የሚጠበቅ ነው። ወረቀትም ይሰረቃል፤ «ኮሮጆ ግልበጣ» የሚለው አነጋገር ማሽን ሳያውቅ የተወለደ ነው። እውነት ነው፣ ወረቀት ብቻውን ማንንም ታማኝ አያደርግም። ሆኖም ስርቆቶቹ አንድ ዓይነት አይደሉም። ኮሮጆ ለመገልበጥ በየጣቢያው ሰው ያስፈልጋል፤ ሰው ከበዛ ምስጢር ይወጣል፣ ታዛቢ ያያል፣ የተመዘገበው መራጭና የወጣው ድምፅ አይገጥምም፣ ጣቢያው በር ላይ የተለጠፈው ውጤትና ከላይ የታወጀው ይለያያል። በሶፍትዌር የሚሠራ ማጭበርበር ግን አንድ ሰው በአንድ ቦታ ሆኖ የአንድን ካውንቲ ጣቢያዎች ሁሉ የሚነካበት ነው፤ ታዛቢው ማሽኑ አጠገብ ቀኑን ሙሉ ቆሞ ቢውልም የሚያየው ነገር የለም። የኬንያ ልምድ እዚህ ላይ ይጠቅማል። በ2017 የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የፕሬዚዳንቱን ምርጫ ሲሽር ካስቆጡት ነገሮች አንዱ የምርጫ ኮሚሽኑ የኮምፒውተር ሰርቨሮቹን እንዲያስፈትሽ ታዝዞ በሙሉ አለመፍቀዱ ነበር። በ2022 ኮሚሽኑ ከ46,000 በላይ ከሆኑት ጣቢያዎች የመጡትን በእጅ የተሞሉና የተፈረሙ የውጤት ቅጾች ፎቶ ለሕዝብ ክፍት በሆነ ድረ ገጽ ላይ ጫነ፤ ጋዜጠኞችና ዜጎች ራሳቸው ደመሩት። ቴክኖሎጂው በሁለቱም ጊዜ ነበረ፤ በሁለተኛው ጊዜ ወረቀቱን ለሕዝብ ዓይን አቀረበ እንጂ አልተካውም። በምርጫ ውስጥ ለኮምፒውተር የሚገባው ቦታ ይህ ይመስለኛል።

ከተቃውሞዎቹ ሁሉ ጠንካራው የኢስቶኒያ ነው፤ በቀላሉ የሚታለፍም አይደለም። ኢስቶኒያ ከ2005 የአካባቢ ምርጫ ጀምሮ ዜጎቿ በኢንተርኔት ድምፅ ይሰጣሉ፤ በ2023 የፓርላማ ምርጫ ከተሰጠው ድምፅ ከግማሽ በላይ የሆነው በኢንተርኔት ነው። ሕዝቧ ከአንድ ሚሊዮን ተኩል ያነሰ ነው፤ እያንዳንዱ ዜጋ ማለት ይቻላል አስተማማኝ የዲጂታል መታወቂያ አለው። ተገድዶ የመረጠ ሰው በኋላ ተመልሶ ድምፁን መቀየር ይችላል፣ የሰጠው ድምፅ መድረሱንም በስልኩ ያረጋግጣል። ይህ ሁሉ ተሟልቶም በ2017፣ የአካባቢ ምርጫው ሊደርስ ሳምንታት ሲቀሩት፣ በ750,000 ያህል መታወቂያዎች ቺፕ ላይ ከባድ የደኅንነት ጉድለት መኖሩ ታወቀ። ምርጫው በታቀደው መሠረት ተካሄደ፤ ጉድለቱ ያለባቸው መታወቂያዎች ማረጋገጫ የታገደው ከምርጫው በኋላ በኖቬምበር ነው። ኢስቶኒያ አደጋውን ተሸክማ ለመሄድ የመረጠችው በመንግሥት ተቋማቷ ላይ ሰፊ እምነት ስላለ ነው። እምነቱ በሌለበት አገር ማሽኑን ገዝቶ ማስገባት እምነቱን ይዞ አይመጣም። በአሜሪካ፣ ኢትዮጵያውያን በብዛት በሚኖሩበት በሲልቨር ስፕሪንግ አጠገብ ያለችው ታኮማ ፓርክ ከተማ በ2009 የማዘጋጃ ቤት ምርጫዋ ሌላ መንገድ ሞክራ ነበር። መራጩ በወረቀቱ ላይ ሲያጠቁር በልዩ ቀለም የተደበቀ ኮድ ይወጣለታል፤ ኮዱን ይዞ ቤቱ ሲደርስ ድምፁ መቆጠሩን በኢንተርኔት ያያል፣ ማንን እንደመረጠ ግን ኮዱ አይናገርም። ተስፋ የሚሰጥ ሥራ ነው። እዚያም ቢሆን መሠረቱ ወረቀት ነበር።

«እንዲህ ዓይነት ጽሑፍ ተሸናፊዎች ሁሉ ተጭበረበርን እንዲሉ በር ይከፍታል» የሚሉም አሉ። ከ2020ው የአሜሪካ ምርጫ በኋላ በማሽን አምራቾች ላይ የተነዛው ሐሰት ምን እንዳደረሰ ስለምናውቅ ሥጋቱን እረዳለሁ። ግን ያን ሐሰት ያሸነፈው ምን ነበር? በጆርጂያ አምስት ሚሊዮን ያህል የድምፅ ወረቀት በእጅ ተቆጥሮ የማሽኑን አሸናፊ አረጋገጠ። ወረቀት ባይኖር ኖሮ የማሽኑን ቃል በማሽኑ ቃል ከመመለስ በቀር ምንም አይኖርም ነበር። በቨርጂኒያም ወረቀት አልባዎቹ ማሽኖች በተወገዱ በሁለተኛው ወር በተደረገ ምርጫ፣ በኒውፖርት ኒውስ የአንድ የግዛት ምክር ቤት መቀመጫ ውድድር በድጋሚ ቆጠራ 11,608 ለ 11,608 እኩል ወጣ። ዳኞቹ የተከራከሩት በአንዲት ወረቀት ላይ መራጩ ምን ለማለት ፈልጎ እንደነበር እያዩ ነው፤ በመጨረሻም በዕጣ ተለየ። ማስረጃው በጠረጴዛ ላይ ስለነበር ክርክሩ በማስረጃው ላይ ሆነ። በእርግጥ ወረቀት መታተሙ ብቻ አይበቃም። ማየት የተሳናቸው ወይም እጃቸው የማይታዘዝላቸው መራጮች ያለ ረዳት እንዲመርጡ ማሽን ያስፈልጋቸዋል፤ ይህ መብት ነው፣ ሊሟላ ይገባል። ለሌላው ግን በገዛ እጁ ያጠቆረው ወረቀት ይሻላል። የሚሺጋን ተመራማሪዎች በማስመሰያ ምርጫ ላይ ማሽኑ የመራጩን ምርጫ ቀይሮ እንዲያትም አድርገው ሲሞክሩ፣ ስህተቱን አይተው ለአስፈጻሚው የተናገሩት ከመቶ ሰባት አይሞሉም ነበር። በጆርጂያ ደግሞ ወረቀቱ ላይ ከጽሑፉ ጎን ማሽኑ የሚያነበው፣ ሰው የማያነበው ኪውአር ኮድ ሲታተም ቆይቷል፤ ግዛቱ በ2024 ያወጣው ሕግ ይህን ኮድ ለቆጠራ መጠቀም ከጁላይ 2026 ጀምሮ እንዲቀር ደንግጓል። ከየምርጫው በኋላም ወረቀቶች በዕጣ ተመርጠው ከማሽኑ ውጤት ጋር መመሳከር አለባቸው፤ ውድድሩ የተቀራረበ በሆነ መጠን የሚታየው ወረቀት ይበዛል። ኮሎራዶ ከ2017 ጀምሮ ይህን በመላው ግዛቷ ታደርጋለች። ማንም የማይከፍተው የወረቀት ሳጥን ከወረቀት አልባ ማሽን ብዙም አይሻልም።

በኢትዮጵያ እስከ ዛሬ ድምፅ የሚሰጠው በወረቀት ነው፤ የጣቢያው ውጤትም እዚያው ይለጠፋል። ምርጫ ቦርድ የመራጮችን ምዝገባ ወደ ዲጂታል ለማዞር መነሣቱ በራሱ የሚነቀፍ አይደለም፤ መዝገብ የስም ዝርዝር ነውና ባለቤቱ አይቶ ያርመዋል። የአካባቢ ምርጫ ግን በመላ አገሪቱ ለመጨረሻ ጊዜ የተደረገው በ2005 ዓ.ም. ነው። ተመልሶ ሲመጣ ከወረዳ እስከ ቀበሌ የሚሞላው መቀመጫ እጅግ ብዙ ስለሆነ፣ ቆጠራውን የሚያቀልል ማሽን ይገዛ የሚል ሐሳብ ማቅረብ ለማንም ይቀላል። ያ ቀን ከመጣ ጨረታው ከመውጣቱ በፊት ሦስት ነገሮች በሕግ ይጻፉ፤ መራጩ የሚያነበው ወረቀት፣ ከምርጫው በኋላ በታዛቢዎች ፊት የሚደረግ የናሙና ቆጠራ፣ ውጤት ሲዛባ በስሙ የሚጠየቅ ኃላፊ። ሕጉም እንደ ናሚቢያው ጥበቃው ተነጥሎ ሥራ ላይ እንዳይውል ምክር ቤቱ ይጠብቀው። በዲካልብ፣ በፌርፋክስ ወይም በሌላ ቦታ የምትመርጡ ወገኖች ደግሞ የታተመውን ወረቀት ወደ ቆጣሪው ከማስገባታችሁ በፊት ከላይ እስከ ታች አንብቡት፤ የማይገጥም ነገር ካያችሁ እዚያው ቆማችሁ ለአስፈጻሚው ተናገሩ።